መንገድ የሚወጣ ኪቦርድ እንዴት ይመረጣል?

ለጉዞ ብዬ የገዛሁት የመጀመሪያው የሙዚቃ ኪቦርድ ጥሩ ዕቃ ነበር። 61 ቁልፍ አለው። ድምፁ ያምራል። ግን ይዤው የወጣሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ሜትር የሚጠጋ ነገር ትከሻ ላይ አንግቶ አውቶቡስ መሳፈር ቀላል አይደለም። በየበሩ ይጋጫል፤ መቀመጫ ሥር አይገባም፤ ጭን ላይ ይዞ መሄድም ያደክማል። በሦስተኛው ጉዞ ቤት ትቼው ሄድኩ። ሦስት ሳምንት ምንም ሳልነካ ቆይቼ ስመለስ ጣቶቼ እንጨት ሆነው ነበር።

ጥፋቱ የኪቦርዱ አልነበረም። እኔ መጀመሪያ ኪቦርዱን መረጥኩ፣ ጉዞውን ያሰብኩት ከዚያ በኋላ ነው። መሆን ያለበት ግን የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ልምምዱ፣ ቀጥሎ ጉዞው፣ መጨረሻ ላይ ዕቃው። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ያስቀመጥኩት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። «ቁልፍ» የምለው በጣት የምንጫናቸውን ነጭና ጥቁር ቁልፎች ነው፤ ሌላውን «በተን» እለዋለሁ።

ደረጃ 1፦ ምን እንደምትለማመዱ ጻፉ

ወረቀት አውጡና የሚቀጥለውን ጉዟችሁን አስቡ። ስንት ቀን ነው? በቀን ስንት ደቂቃ ታገኛላችሁ? የምትቀመጡት ጠረጴዛ ላይ ነው፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ነው ወይስ ተሽከርካሪ ውስጥ? ከዚያ በእነዚያ ደቂቃዎች የምትሠሩትን ጻፉ። «ፒያኖ እለማመዳለሁ» ብላችሁ አትለፉት። ዘርዘር አድርጉት።

ስኬል (በተራ የሚወጡና የሚወርዱ ድምፆች) እና አርፔጂዮ (የኮርድ ድምፆች አንድ በአንድ ሲነኩ) እየሠራችሁ ጣታችሁን ማፍታታት ከፈለጋችሁ የቁልፉ ስፋት ከሁሉም በላይ ያስፈልጋችኋል። የጀመራችሁትን የሙዚቃ ሥራ እንዳትረሱ መከለስ ከሆነ ደግሞ የቁልፉ ብዛት ይቀድማል፤ ግማሹ ኖታ ከኪቦርዱ ውጭ ከሆነ ክለሳ የለም። ኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚነኩ ድምፆችን ማጥናት፣ ጆሮ ማሠልጠን፣ የመጣ ዜማ ሳይጠፋ መያዝ ከሆነ ግን ትንሽ ኪቦርድ ይበቃችኋል። ለዚህ ሥራ ትልቅ ዕቃ መሸከም በእውነት ድካም ነው።

መንገድ ላይ የማይሠራውን ነገርም ከወዲሁ መለየት ጥሩ ነው። የእውነተኛ ፒያኖን ክብደት፣ ፔዳልን በስሱ ግማሽ ድረስ መርገጥን፣ ከሹክሹክታ እስከ ነጎድጓድ ያለውን የድምፅ ልዩነት ቀላል ኪቦርድ ላይ መለማመድ አይቻልም። እነዚህን ለቤት ተዉአቸው። ሁሉንም ይሠራልኛል ብላችሁ የምትገዙት ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚከብድ ዕቃ ነው።

ደረጃ 2፦ ስንት ቁልፍ እንደሚበቃችሁ ቁጠሩ

እዚህ ላይ በግምት አትሂዱ። የምትሠሩትን ኖታ ክፈቱና ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ ፈልጋችሁ በእርሳስ ክበቡ። ከዚያ ፒያኖ ላይ ሁለቱን ንኩና በመካከላቸው ያሉትን ቁልፎች ነጭና ጥቁሩን ሳትለዩ ቁጠሩ። ለሦስት ለአራት ሥራ እንዲህ አድርጉ። ግፋ ቢል አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ያለቦታው ገንዘብ ከማውጣት ግን ያድናል።

ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ 52 ነጭ፣ 36 ጥቁር። ለጉዞ የሚታሰቡት ብዙውን ጊዜ 25፣ 37፣ 49 ወይም 61 ቁልፍ ያላቸው ናቸው። ቁጥሮቹ ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ድረስ ያለው፣ 12 ቁልፍ ነው፤ መጨረሻው ላይ መዝጊያ አንድ ዶ ይጨመራል። ስለዚህ 25 ማለት ሁለት ኦክታቭ፣ 37 ሦስት፣ 49 አራት፣ 61 ደግሞ አምስት ኦክታቭ ማለት ነው።

25 ቁልፍ የአንድ እጅ መሣሪያ ነው። ኮርድ ትይዛላችሁ፣ ዜማ ታወጣላችሁ፣ በዚያው ያበቃል። በ37 ሁለት እጅ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሆኖም እጆቹ ይጠጋጋሉ፤ ግራ እጅ ወደ ታች መውረድ ሲፈልግ ቦታ ያጣል። በ49 ነገሩ ይለወጣል። ለጀማሪና ለመካከለኛ ተማሪ የሚሰጡ ብዙ ሥራዎች፣ በተለይ የቆዩት፣ አራት ኦክታቭ ውስጥ ይገባሉ። 61 ላይ ስትደርሱ ብዙም አይጎድልባችሁም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የነበሩት ፒያኖዎች ራሳቸው በአብዛኛው አምስት ኦክታቭ ብቻ ነበራቸው። የዚያን ዘመን ሙዚቃ የምታጠኑ ከሆነ በ61 ቁልፍ ሩቅ ትሄዳላችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለሰፋው ፒያኖ የተጻፈ ሥራ ከሆነ ግን ጫፍና ጫፉ ይቆረጥባችኋል።

ሻጮች «ኦክታቭ መቀየሪያ በተን አለው፣ ስለዚህ ቁጥሩ አያሳስብህም» ይላሉ። በተኑ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በተለመደው አሠራር የሚያንቀሳቅሰው ኪቦርዱን በሙሉ ነው። ግራ እጃችሁን ዝቅ ስታደርጉት ቀኝ እጃችሁም አብሮ ይወርዳል። ለአንድ እጅ ልምምድ መፍትሔ ነው። በሁለት እጅ ለሚሠራ ሥራ ግን መፍትሔ አይሆንም።

ደረጃ 3፦ የቁልፉን ስፋት በማስመሪያ ለኩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ዋጋ ከፍዬበታለሁ።

የመደበኛ ፒያኖ ነጭ ቁልፍ ስፋት ወደ 23.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ ግራ ጠርዝ እስከ ቀጣዩ ዶ ግራ ጠርዝ፣ 16.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ሱቅ ስትሄዱ ትንሽ ማስመሪያ ያዙ። ይህንኑ ርቀት ለኩ። 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ከመጣ ሙሉ ስፋት ነው። 15፣ 14 ወይም ከዚያ በታች ከመጣ «ሚኒ» ወይም ጠበብ ያለ ቁልፍ ነው፤ ሳጥኑ ላይ ምንም ይጻፍ ምን። ስትለኩ የነጩን ቁልፍ ርዝመትም ተመልከቱ። አንዳንዱ በስፋት ሙሉ ሆኖ በርዝመት አጭር ነው። ያኔ በጥቁሮቹ መካከል ጣት ማስገባት ይቸግራል።

ይህን ያህል የምጨነቀው በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ስድስት ሳምንት ሙሉ በሚኒ ቁልፍ ብቻ ተለማመድኩ። በየቀኑ፣ ሳላቋርጥ። ስመለስ ኩራት ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ፒያኖ ላይ ተቀመጥኩና ኦክታቭ ለመያዝ እጄን ዘረጋሁ። አውራ ጣቴ ዶ ላይ አረፈ፤ ትንሿ ጣቴ ግን ላ ላይ ቀረች። እጄ አዲስ ርቀት ተምሯል። አሮጌውን እስኪያስታውስ ቀናት ፈጀብኝ። እጅ ርቀትን የሚያስታውሰው ሳያይ ነው፤ ያለማመዳችሁትን ያንኑ ይይዛል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ዓላማችሁ የጣት ልምምድ ከሆነ ቁጥር ቀንሱ እንጂ ስፋት አትቀንሱ። 49 ሙሉ ስፋት ያላቸው ቁልፎች ከ61 ትንንሽ ቁልፎች ይሻላሉ። ዓላማችሁ ኮርድ ማጥናትና ዜማ መያዝ ከሆነ ግን ሚኒ ቁልፍ ምንም ችግር የለውም። እንዲያውም የጉዞ ወዳጅ ነው። ያማሃ ሪፌስ የሚባለው ቤተሰብ 37 ሚኒ ቁልፍ፣ የራሱ ድምፅ ማጉያና የባትሪ ቦታ አለው፤ ሁለት ኪሎ አይሞላም። የዚያው ኩባንያ ፒኤስኤስ የሚባሉት ትንንሾቹ ደግሞ በተመሳሳይ 37 ሚኒ ቁልፍ 1.2 ኪሎ ብቻ ይመዝናሉ።

ከስፋቱ የኪቦርዱን ርዝመትም ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። ነጮቹን ቁጠሩና በ23.5 አባዙ። 25 ቁልፍ 15 ነጭ አለው፤ ቁልፉ ብቻ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። 37 ቁልፍ 22 ነጭ፣ 52 ሴንቲ ሜትር። 49 ቁልፍ 29 ነጭ፣ 68 ሴንቲ ሜትር። 61 ቁልፍ 36 ነጭ፣ 85 ሴንቲ ሜትር። በዚህ ላይ የጎንና ጎን ፕላስቲክ ጨምሩ። ይህን ስሌት ጻፉና አስቀምጡት፤ ደረጃ 7 ላይ እንመለስበታለን።

ደረጃ 4፦ ቁልፉ ለጣታችሁ ምን ዓይነት ምላሽ እንደሚሰጥ እዩ

እንደ ፒያኖ መዶሻ ያለው ክብደታም ቁልፍ ለጣት ጤናማ ነው። ግን 88 ቁልፍ ያላቸው የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ ከ10 ኪሎ በላይ ናቸው። በራሳችሁ መኪና የምትሄዱና አንድ ቦታ ለወራት የምትቀመጡ ከሆነ አስቡበት። ለሌላው ሰው በስፕሪንግ የሚመለስ ቀላል ቁልፍ የማይቀር ነው።

ቀላል ሆኖም ቢሆን የግድ ሊኖረው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ቀስ ብሎ፣ ጠንክራችሁ ስትነኩት ጠንክሮ መጮህ አለበት። «ተች ሬስፖንስ» ወይም «ቬሎሲቲ» ይሉታል። መሣሪያው ቁልፉ የወረደበትን ፍጥነት ለክቶ ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይገልጸዋል። ይህ ከሌለ ሁሉም ድምፅ እኩል ይጮሃል። ለአንድ ሳምንት እንዲህ ባለ ቁልፍ ከሠራችሁ ጣታችሁ መጠንቀቅ ይተዋል።

የሚያሳስተው ነገር ደግሞ መንትያ የሚመስሉ ሞዴሎች መኖራቸው ነው። ካሲዮ ሲቲ-ኤስ200 እና ሲቲ-ኤስ300 ሲታዩ በጣም ይመሳሰላሉ። 61 ሙሉ ስፋት ያላቸው ቁልፎች አሏቸው፤ ክብደታቸው 3.3 ኪሎ ነው፤ መያዣ እጀታ አላቸው። ይሁንና ተች ሬስፖንስ ያለው 300ው ነው፤ 200ው የለውም። ከያማሃ ፒኤስኤስ ቤተሰብም ኤ50 አለው፣ ኢ30 የለውም። ስለዚህ ስሙን እስከ መጨረሻው ፊደልና ቁጥር አንብቡ። ከተቻለ ደግሞ ንኩት፤ አንዱን ቁልፍ በላባ ያህል፣ ከዚያ በኃይል።

ድምፁን አጥፍታችሁም ንኩት። በሄድፎን ስትጫወቱ ለእናንተ ሙዚቃ የሚሰማው ለጎረቤት ቁልፉ ሲንኳኳ ነው የሚሰማው። ማታ፣ ቀጭን ግድግዳ ባለበት ክፍል፣ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ከሥሩ ፎጣ ብታነጥፉ ጠረጴዛው እንደ ከበሮ ማስተጋባቱን ይቀንሳል።

ደረጃ 5፦ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ወስኑ

ሁለት ዓይነት ኪቦርድ አለ። አንዱ የራሱ ድምፅ አለው፤ ታበሩታላችሁ፣ ይጮሃል። ሌላው «ሚዲ ኮንትሮለር» የሚባለው ነው። እሱ ድምፅ የለውም። የትኛው ቁልፍ መቼና በምን ኃይል እንደተነካ ለስልክ፣ ለታብሌት ወይም ለኮምፒውተር ይነግራል፤ ድምፁን የሚያወጣው ያ ነው። ሚዲ የሚባለው ቋንቋ ከ1983 ጀምሮ እየሠራ ያለ የጋራ ደንብ ነው። ለዚህ ነው የአንዱ ኩባንያ ኪቦርድ ከሌላው ኩባንያ አፕ ጋር የሚግባባው።

ኮንትሮለር ይቀላል፣ ይሳሳል። አካይ ኤምፒኬ ሚኒ 25 ሚኒ ቁልፍ ይዞ ከአንድ ኪሎ በታች ነው። ኮርግ ማይክሮኪ ኤር ያለ ገመድ በብሉቱዝ ይሠራል፤ ሁለት ደብል ኤ ባትሪ ይበቃዋል። ነገር ግን ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁን ፈትሹ። አንድሮይድ ከሆነ ሚዲን የሚደግፈው ከ6.0 ጀምሮ ነው፤ ይህ እትም የወጣው በ2015 ነው። ስልኩ በቻርጀር ቀዳዳው ሌላ ዕቃ ማገናኘት መቻሉን፣ ማለትም ኦቲጂ እንዳለው አረጋግጡ። አይፎንና አይፓድም እንደ ሞዴላቸው ማገናኛ አዳፕተር ሊፈልጉ ይችላሉ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ቁልፉን በነካችሁበትና ድምፁ በተሰማበት መካከል ያለው መዘግየት «ሌተንሲ» ይባላል። 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ከሆነ ምንም አይታወቃችሁም። ለምን መሰላችሁ? ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 10 ሚሊ ሰከንድ ማለት ድምፅ ማጉያው ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ እንደተቀመጠ ነው። የብሉቱዝ ሄድፎን ግን ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ያዘገያል። ይህ ማለት ከ34 ሜትር በላይ ርቆ የቆመ ፒያኖ እንደመጫወት ነው። ጣታችሁ አንድ ቦታ፣ ጆሯችሁ ሌላ ቦታ ይሆናል። ሪትም ይበላሻል። እኔ መጀመሪያ ሲገጥመኝ ችግሩ ከኪቦርዱ መስሎኝ ሁለት ቀን ስነካካው ቆየሁ።

ስለዚህ ሁለቱን ብሉቱዞች አታምታቱ። ከኪቦርድ ወደ ስልክ የሚሄደው የብሉቱዝ ሚዲ ትንሽ መልእክት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ለልምምድ ያስኬዳል። ከስልክ ወደ ሄድፎን የሚሄደው የብሉቱዝ ድምፅ ግን ለልምምድ አይሆንም። ሄድፎናችሁ ባለገመድ ይሁን። አሁን ደግሞ ብዙ ስልኮች የሄድፎን ቀዳዳ የላቸውም፤ ያለቻቸው አንዲት ቀዳዳ ናት። እሷን ኪቦርዱ ከያዘ ሄድፎኑ የት ይሰካል? ቻርጀሩስ? ኮንትሮለር የምትገዙ ከሆነ ለሦስቱም ቦታ ያለው ማከፋፈያ አብራችሁ አስቡ።

እኔ የራሱ ድምፅ ያለውን እመርጣለሁ። ደክሞኝ ስገባ ገመድ መሰካካት፣ አፕ መክፈት፣ ስልኩን «አትረብሹኝ» ላይ ማድረግ ካለብኝ ብዙ ቀን ሳልጀምር እቀራለሁ። በተን ተጭኜ ወዲያው የምጀምር ከሆነ ግን አሥር ደቂቃም ብትሆን እሠራለሁ። ሙዚቃ የምትደርሱና ኮምፒውተር ሁልጊዜ አብሯችሁ ያለ ከሆነ ግን ኮንትሮለሩ ለእናንተ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ኃይሉን አስተካክሉ

መሣሪያው በባትሪ ድንጋይ መሥራት መቻሉን እዩ። መብራት ሲጠፋ፣ ሶኬቱ ከጠረጴዛው ሲርቅ፣ ጉዞው ረጅም ሲሆን ያን ጊዜ ዋጋው ይታያችኋል። ከላይ የጠቀስኳቸው የካሲዮ ሞዴሎች ስድስት ደብል ኤ ድንጋይ ይጎርሳሉ። ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ መጠቀም ይቻል እንደሆነ መመሪያውን አንብቡ። ለረጅም ጊዜ የማትነኩት ከሆነ ድንጋዩን አውጡ፤ ከውስጥ ፈስሶ መገናኛውን ያበላሻል።

አዳፕተሩ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። 100-240 ቮልት የሚል ከሆነ የትም ይዛችሁት ሂዱ፤ የሚያስፈልጋችሁ የሶኬት ማስማሚያ ብቻ ነው። ሌላ አዳፕተር ተውሳችሁ ስትሰኩ ሦስት ነገር ይመሳሰል፦ ቮልቱ፣ የመሰኪያው መሃል ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ የሚለው ምልክት፣ እና አምፔሩ ከሚፈለገው አለማነሱ። መሰኪያው ገጠመ ማለት ይሠራል ማለት አይደለም። በዚህ መንገድ ኪቦርድ ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ።

በዩኤስቢ የሚሠራ ከሆነ ፓወር ባንክ ይጠቅማል። አንዳንድ ፓወር ባንክ ግን የተሰካው ዕቃ ትንሽ ኃይል ብቻ ሲወስድ «ምንም የለም» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ሳትወጡ ግማሽ ሰዓት አጫውታችሁ ሞክሩት። በአውሮፕላን ስትሄዱ ፓወር ባንክና ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ከእጅ ሻንጣ ጋር ነው የሚሄደው፤ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ አይገባም። ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። ለማስላት ሚሊ አምፔር ሰዓቱን ለ1000 አካፍሉና በ3.7 አባዙት። 20,000 የሚል ፓወር ባንክ 74 ይሆናል፤ ያልፋል።

ደረጃ 7፦ የካርቶን ሙከራ

አሁን ወደ ስሌታችን እንመለስ። ያሰባችሁትን ሞዴል ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት ፈልጉ። ያንኑ የሚያክል ካርቶን ቁረጡ። ውፍረቱን በጋዜጣ ወይም በጨርቅ ሙሉት። ከዚያ በምትጓዙበት ሻንጣ ውስጥ ከልብሳችሁ ጋር ክተቱት። ክብደቱን ደግሞ በውሃ ተኩት፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ለ3.3 ኪሎ ኪቦርድ ሦስት ሊትር ተኩል ውሃ በጠርሙስ አድርጋችሁ አንግቱና ግማሽ ሰዓት ተራመዱ፤ ትርፏ ለቦርሳውና ለአዳፕተሩ ናት። ደረጃም ውጡበት። ትከሻችሁ መልሱን ይነግራችኋል።

ብዙ አየር መንገዶች ለእጅ ሻንጣ የሚፈቅዱት 55 በ40 በ20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ የየራሳቸው ልዩነት ስላለ ቲኬታችሁ ላይ ያለውን አረጋግጡ። በዚህ ልክ 25 ቁልፍ በቀላሉ ይገባል። ባለ 37 ሚኒ ቁልፍ ፒኤስኤስ ርዝመቱ 50.6 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ይገባል። ባለ 37 ሙሉ ስፋት ግን ቁልፉ ብቻ 52 ስለሆነ የጎኑ ፕላስቲክ ሲጨመር ጠርዝ ላይ ነው። 49ና 61 ለጭነት ይሰጣሉ፤ ወይም በአውቶቡስና በባቡር የሚሄዱ ናቸው። ለጭነት የሚሰጥ ሻንጣ የተለመደው ጣሪያ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመቱ ተደምሮ 158 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 23 ኪሎ ነው።

የሚጠቀለል የሲሊኮን ኪቦርድና የሚታጠፍ ኪቦርድ እንዳሉ ታውቁ ይሆናል። የሚጠቀለለውን ለጣት ልምምድ አልመክርም። ቁልፉ አይወርድም፤ ጣት የት እንደደረሰ አያውቅም። የኖታ ስም ለማጥናት ብቻ ይሆናል። የሚታጠፈው ይሻላል። ስትሞክሩት መታጠፊያው ላይ ባሉት ሁለት ቁልፎች መካከል ክፍተት እንዳይኖር፣ ዘርግታችሁ ስትጫኑትም እንዳይወዛወዝ እዩ።

ደረጃ 8፦ ከመክፈላችሁ በፊት አምስት ደቂቃ

ቁልፎቹን ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ንኩ። ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ከጮኸ፣ ከዘገየ ወይም ከተጣበቀ ይለያል። በሁለት እጃችሁ አሥር ቁልፍ አንድ ላይ ይዛችሁ ሁሉም መጮኻቸውን ስሙ። አንዱን ቁልፍ በፍጥነት ደጋግሙት። ሄድፎናችሁን ይዛችሁ ሂዱና ሰክታችሁ ስሙ፤ ቀዳዳው ትልቁ 6.35 ሚሊ ሜትር ከሆነ ማሳነሻ ያስፈልጋችኋል። ሄድፎኑን ሰክታችሁ ገመዱን ነቅነቅ አድርጉት። ድምፁ ከተቆራረጠ ተዉት፤ ጉዞ ያባብሰዋል። የፔዳል ቀዳዳ እንዳለውም እዩ፤ ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ የላቸውም። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ የባትሪ ቤቱን ከፍታችሁ ዝገት ፈልጉ።

ደረጃ 9፦ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሳምንት፣ ከተመለሳችሁ በኋላ አንድ ቀን

ከገዛችሁ በኋላ አንድ ሳምንት ቤት ውስጥ በእሱ ብቻ ተለማመዱ። ፒያኖውን አትክፈቱት። የጎደለው ገመድ፣ የማይሠራው አፕ፣ ያልበቃው ቁልፍ እዚያው ቤታችሁ ይታወቃል። አዳፕተር፣ ሄድፎን፣ ማሳነሻና ትርፍ ድንጋይ በአንዲት ትንሽ ከረጢት አድርጉና ከኪቦርዱ እንዳትለይ እሰሩት። ኪቦርዱ ውስጥ ተሰክቶ የቀረ ገመድ ይዛችሁ አትጓዙ፤ ሲገፋ የሚሰበረው የውስጡ መሰኪያ ነው። ቁልፉን በለስላሳ ልብስ ሸፍኑት፤ ጫማና ጠርሙስ ከዚያ በኩል አይሁኑ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አትተዉት።

ስትቀመጡ ክርናችሁ ከቁልፉ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል። የፒያኖ ቁልፍ ከወለል 73 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከፍታ አለው። ተራ ጠረጴዛ ግን ራሱ 75 ገደማ ነው፤ ኪቦርዱ ሲጨመርበት ከ80 ያልፋል። ትከሻችሁ ሳታውቁት ወደ ላይ ይወጣል፣ አንጓችሁ ይታጠፋል። ጠረጴዛውን ማሳጠር ስለማይቻል እናንተ ከፍ በሉ። ወንበሩ ላይ ትራስ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጉ። እግራችሁ ከተንጠለጠለ ሻንጣችሁን አጋድሙና ርገጡበት።

ስትመለሱ ደግሞ ፒያኖው ላይ ወዲያው ከባድ ሥራ አትክፈቱ። በቀላል ቁልፍ የሰነበተ ጣት በድንገት ክብደት ሲገጥመው ይጨነቃል። የመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ያህል ኦክታቭ ብቻ ያዙ፤ በዝግታ፣ እጃችሁን ሳታዩ፣ ከዶ ወደ ዶ።